ቼሪው ሳይደርስ፦ የዋሽንግተን ብሔራዊ አርቦሬተም በማርች መጀመሪያ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ለምትኖሩ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። የቼሪ ዛፎች የሚያብቡበትን ሳምንት ለቱሪስት ተዉለት። ቼሪዎቹ ባሉበት ኩሬ፣ ታይዳል ቤዝን አጠገብ ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሩ ግማሽ ቀን ከምታቃጥሉ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወደ ዛፎች መናፈሻው፣ ወደ ብሔራዊ አርቦሬተም ሂዱ። በኒው ዮርክ አቬኑ የምትመላለሱ ሰዎች አጠገቡን በየቀኑ ታልፋላችሁ። መግቢያው ነፃ ነው። ማቆሚያውም ነፃ ነው። በዚህ ከተማ ሁለቱ አንድ ላይ ተገጣጥመው ሲገኙ ዝም ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቢሮ በሚገባበት ሰዓት መንገዱም መናፈሻውም የእኔ ነው። ዘንድሮ ግን ጓደኛ አገኘሁ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ብርዱን አብራኝ አሳለፈች። ጃንዋሪን ሙሉ መስኮት ላይ ቆማ ውጭ ያሉትን ዛፎች እያየች «ይኼ ሁሉ ደርቆ ቀረ? ማገዶ የሚለቅም ሰው እንኳ የላችሁም?» ትለኝ ነበር። ቅጠሉ ተመልሶ ይመጣል ብላት አላመነችኝም። ማርች ገብቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል ጋቢዋን ከካፖርቷ ላይ ደረብኩላትና ይዣት ሄድኩ።

ወደ ቦታው ልግባ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አርቦሬተሙ መናፈሻ ይመስላል እንጂ መናፈሻ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ጣቢያ ነው። ኮንግረስ በ1927 ባወጣው ሕግ ተቋቋመ። ስፋቱ 446 ኤከር ነው፤ በሄክታር ወደ 180 ይመጣል። ለእናቴ በሄክታር ስነግራት ዝም አለች። «አራት ጋሻ ተኩል ገደማ ነው» ስላት ግን ዞር ብላ አየችኝና «የማን ርስት ነው?» አለች። የመንግሥት ነው አልኳት። «ለመንግሥትማ ትንሽ ነው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ምርምር ጣቢያ መሆኑ ለእኛ ለተመልካቾቹም ጥቅም አለው። ዛፎቹ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ታርጋ ተንጠልጥሏል። የት አገር እንደሚበቅሉም ብዙዎቹ ላይ ተጽፏል። ደግሞ ከሚያብቡት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የተዳቀሉት እዚሁ ነው። አበባ ታያላችሁ፣ ከጀርባው ደግሞ ብርድን እንዴት እናሸንፍ ብሎ ዕድሜውን የፈጀ ሰው አለ። ቦታውን የምወደው በዚህ ነው።

ለምን ማርች መጀመሪያ? ቅጠል ስለሌለ። በኤፕሪል መጨረሻ የመጣ ሰው ሁሉን ነገር አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል። አበባው ከቅጠሉ ጋር ይደባለቃል፣ ዓይን ይበዛበታል። በማርች ግን ባዶ እንጨት ላይ አበባ ብቻውን ተቀምጧል። ከሩቅ አንዱን ዛፍ ትለያላችሁ፣ ወደ እሱ ትሄዳላችሁ፣ ዙሪያውን ትዞራላችሁ። ግንዱ፣ የቅርንጫፉ አጣጣል፣ የአበባው ቀለም ሁሉም ለየብቻ ይታያል። ሰው ደግሞ የለም። ውሻ ይዞ የሚሮጥ አንድ ሁለት ፈረንጅ ብታገኙ ነው።

መጀመሪያ የቆምነው ዊች ሄዝል ዘንድ ነው። ለዓይን እንግዳ የሆነ አበባ ነው። ሰፋ ያለ ገጽ የለውም። ከቅርንጫፉ ላይ በቀጥታ የወጡ ቀጫጭን፣ የተጨማደዱ ቢጫ ክሮች ናቸው። ብርቱካናማና ቀይም አለው። ብርድ የሚችልበት ዘዴ ግን ይገርማል። ሲበርድ ክሮቹ ይጠቀለላሉ፣ ሞቅ ሲል ይፈታሉ። ሌሊት ውርጭ ቢያድርበት ቀን ፀሐይ ሲነካው እንደገና ይዘረጋል። ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ጠጋ ማለት ይጠይቃል። እናቴ ቅርንጫፉን ሳትነካ አፍንጫዋን አስጠጋችና «እሺ ይሸታል። ምን ይሰጣል?» አለች።

ይህች ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችንም። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ዛፍ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዋንዛ ሳንቃ ይሰጣል። ወይራ የእርጎ ዕቃ ያጥናል። ግራዋ የጠላ ጋን ያጥባል። እንዶድ ነጠላ ያነጣል። ለማማሩ ብቻ የተተከለ ዛፍ እናቴ ዘንድ ሥራ ፈት ነው። ደግነቱ ለዊች ሄዝል መልስ ነበረኝ። በፎል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚያብብ አሜሪካዊ ዘመድ አለው፤ ከእሱ ቅርፊትና ቅርንጫፍ የሚወጣው ውሃ ለቆዳ ተብሎ በጠርሙስ ፋርማሲ ይሸጣል። «እንግዲያማ መድኃኒት ነው» አለችና አለፈች።

ከእሱ ቀጥሎ የጃፓን አፕሪኮት ነበር። ብዙ ሰው ቼሪ መስሎት ፎቶ ተነሥቶበት ይሄዳል። ግን ቼሪ አይደለም፣ ከቼሪም ቀድሞ ነው የሚያብበው። አበባው ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው፤ የቼሪ ግን ረዘም ያለ አገዳ ኖሮት ይንጠለጠላል። ይህን ካወቃችሁ አትሸወዱም። ሽታውም ከሩቅ ይመጣል፣ የቼሪ ግን አፍንጫ ሲያስጠጉበትም እምብዛም የለውም። ፍሬውን ጃፓኖች በጨው አድርገው ያቆዩታል። እናቴ ስለ ጨው ስትሰማ አመነች። ሚጥሚጣም ቢጨምሩበት ብላ ሐሳብ ሰጥታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም እናቴም ጠይቃኛለች። እነዚህ ዛፎች ገና በብርድ ጊዜው እንደሚያልቅ በምን ያውቃሉ? አንድ ሞቃት ቀን አይበቃቸውም። እምቡጡ የተሠራው ባለፈው የሙቀት ወቅት ነው። ከዚያ ተኝቶ ይቆያል። ለመንቃት መጀመሪያ የተወሰነ ሰዓት ብርድ መጥገብ አለበት። ብርዱን ሳይጠግብ ሙቀት ቢመጣ አይሰማም። ብርዱ ከሞላለት በኋላ ነው ሙቀት መቁጠር የሚጀምረው። አፕልም እንደዚሁ ነው። ለዚህ ነው አፕል ቆላ ላይ አምሮበት የማይታየውና ጨንቻ ላይ ግን ስም ያወጣው። እናቴ ጨንቻን አታውቅም፣ የጨንቻን አፕል ግን ታውቃለች። ነገሩ ገባት። «ማለት ተቸግሮ ካልሆነ አያብብም» አለች። ሳይንሱን በዚህ አባባል የሚያስተካክልላት ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ችግሩ ከነቃ በኋላ ነው። የተኛ እምቡጥ ኃይለኛ ብርድ ይችላል። የተከፈተ አበባ ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲሆን መቃጠል ይጀምራል። በ2017 ፌብሩዋሪ ሞቆ ሞቆ፣ ማርች አጋማሽ ላይ ውርጭ መጣና ታይዳል ቤዝን ካለው የዮሺኖ ቼሪ አበባ ግማሽ ያህሉ ሳይከፈት ተቃጠለ። የዚያን ዓመት ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ አይታችሁት ይሆናል፣ ሳሳ ያለ ነው።

ይህ ነገር ማግኖሊያ ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔም የምናገረው በደረሰብኝ ነው። ስሙን ከማልጠራው የችግኝ መሸጫ አንዲት ማግኖሊያ ገዝቼ ደጄ ላይ ተክያለሁ። ሻጩ ሲያሞጋግሳት ምላሱ አልደከመም፤ ስለ ውርጭ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። በየዓመቱ ቀድማ ትከፈታለች፣ በማግስቱ ውርጭ ይመታታል፣ ነጩ አበባ እንዳለ ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ጎረቤቶቼ ከንፈር ይመጡልኛል።

አርቦሬተሙ ውስጥ የማግኖሊያና የሆሊ ስብስብ አለ። የልፋቴን መልስ ያገኘሁት እዚያ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ፍራንሲስ ዴ ቮስና ዊልያም ኮሳር የተባሉ ሁለት የአርቦሬተሙ ሠራተኞች ይህንኑ ጉዳይ ይዘው ተነሡ። ከቀዳሚዎቹ ማግኖሊያዎች ዘግይቶ የሚከፈት፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ የሚያብብ ዓይነት ፈለጉ። አዳቅለው ስምንት አወጡ። ለስምንቱም ስም ሰጧቸው፦ አን፣ ቤቲ፣ ጄን፣ ጁዲ፣ ፒንኪ፣ ራንዲ፣ ሪኪ፣ ሱዛን። እናቴ ታርጋውን ሳነብላት «ለዛፍ ክርስትና አነሡለት?» ብላ ሳቀች። ቁመታቸው መካከለኛ ነው፣ አጥር ያለው ጠባብ ግቢ ይበቃቸዋል። ግቢ ላላችሁና ማግኖሊያ ለምትፈልጉ በእነዚህ ስሞች ጠይቁ። ሻጩ አላውቅም ካለ ወደ ሌላ ሂዱ።

በማርች መጀመሪያ እነዚህ ስምንቱ ገና ናቸው። ሆኖም እምቡጣቸው ራሱ መታየት አለበት። ግራጫ ፀጉር የለበሰ ነው። በጣት ሲዳሰስ እንደ ጥጃ ጆሮ ለስላሳ ነው። እናቴ ከአበቦቹ ሁሉ ይልቅ እዚህ ነው ብዙ የቆየችው። በደንብ አየችውና «ይኼ እንኳ ካፖርት አለው» አለችኝ። የእኔን ቀጭን ጃኬት መውቀሷ ነው።

ካሜሊያ የማርች ባለቤት ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ቅጠሏ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፣ በብርድም አይረግፍም። አበባዋ ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ አንዳንዱ ድርብርብ። በሩቅ ያለው የእስያ ስብስብ ውስጥ፣ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ቁልቁለት ላይ ታገኟታላችሁ። ካሜሊያ የሻይ ቅጠል የቅርብ ዘመድ ናት፤ ሻይ ራሱ ካሜሊያ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አየቻት።

ታሪኳ ግን ከዚህ ይበልጣል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ተከታትለው የመጡ ከባድ ብርዶች የአርቦሬተሙን ካሜሊያዎች አብዛኛውን ገደሏቸው። ዓመታት የተለፋበት ስብስብ ነበር። ዊልያም አከርማን የሚባል የአርቦሬተሙ ተመራማሪ ከሞቱት መካከል ምንም ያልነካት አንድ ነጭ አበባ ያላት ካሜሊያ አገኘ። ሉ ሻን ስኖው ትባላለች። ዝርያዋ ቻይና ውስጥ ከፍሬዋ የምግብ ዘይት የሚጨመቅላት ካሜሊያ ናት። አከርማን እሷን ከሌሎች ጋር ያዳቅል ጀመር። ዛሬ ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ በየሰው ግቢ ብርድ ችለው የሚያብቡት ብዙ ካሜሊያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የእሱ ዓይነቶች የሚያብቡት በፎል ስለሆነ በማርች አበባቸውን አታዩም። በማርች የምታዩት የፀደዩን ካሜሊያ ነው። እናቴ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንዲት ነገር ያዘች። «ዘይት?» አለች። አዎ ዘይት። «ዘይት የሚሰጠውስ ተርፎ ቀረ፣ ለማማር የተተከለው አለቀ» ብላ ነጥቧን አስቆጠረች። እውነቷን ነው፣ ምን ልበል።

ቼሪውን ጨርሶ እርሱት እያልኩ አይደለም። እዚህም አለ፣ እንዲያውም በዓይነት ከታይዳል ቤዝን ይበዛል። ታይዳል ቤዝን ያለው በአብዛኛው አንድ ዓይነት፣ ዮሺኖ ነው። ታሪኩን የምታውቁት ይመስለኛል። የቶኪዮ ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ በ1912 የላኩት 3,020 ዛፍ ነው። ከዚያ በፊት በ1910 የመጡት 2,000 ተባይ ስለተገኘባቸው ተቃጥለዋል፤ ያንን ያደረገው ይኸው ግብርና ሚኒስቴር ነው። የፕሬዚዳንቱ ሚስት ሔለን ታፍት የመጀመሪያዋን በማርች 27 ቀን ተክለዋል። አርቦሬተሙ ከዚያችው ዛፍ ያዳቀለው ቼሪ በእሳቸው ስም ይጠራል። ቀድሞ የሚያብበው ግን ኦካሜ የሚባለው ነው፣ ጠቆር ያለ ሮዝ። ከኦካሜ የተገኘ ድሪም ካቸር የሚባል የአርቦሬተሙ የራሱ ልጅ አለ፣ በ1999 የወጣ። እሱ ኦካሜ ካበበ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ዮሺኖ ሳይደርስ ይከፈታል። ስለዚህ በማርች ሁለተኛ አጋማሽ የመጣ ሰው ቼሪም አያመልጠውም።

መሬት መሬቱን ማየት አትርሱ። ዊልያም ጎቴሊ የተባለ ሰው በ1962 የሰጣቸው ድንክዬ ጥዶች ያሉበት ኮረብታ አለ። ጥድ ስል ደብር አጠገብ የምናውቀውን አይምሰላችሁ። ሰማያዊ አለ፣ ወርቃማ አለ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ አለ፣ ከጉልበት የማይበልጥ አለ። በዚያ ቀለም መሀል ነጫጭ ስኖውድሮፕ ወይም ቢጫ ዳፎዲል ሲያዩ ነው የፀደይ መምጣት የሚታወቀው። እናቴ የዳፎዲሉን ሥር ገምታ «ሽንኩርት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሥሩ በእርግጥ ሽንኩርት ይመስላል። ግን መርዝ ነው፣ አይበላም። አጋዘንና ሽኮኮም የማይነኩት ለዚህ ነው። ጓሯችሁን አጋዘን ለሚያጠፋባችሁ ሁሉ ዳፎዲል ትከሉ።

ፈርን ቫሊ የሚባለውን ጫካ በማርች መጨረሻ ብትሄዱበት ይሻላል። እዚያ የሚበቅሉት የዚሁ አገር የዱር አበቦች ናቸው። ትናንሽ ናቸው፣ ጎንበስ ማለት ይጠይቃሉ። ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ጥላ ከመጣላቸው በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ፀሐይ ጠጥተው፣ አብበው፣ ዘር አፍርተው ይጨርሳሉ። ብለድሩት የሚባለው ነጭ አበባ አለ። ሥሩ ሲሰበር ቀይ ፈሳሽ ይወጣዋል። አበባው ብዙ ቀን አይቆይም፣ ዘሩን የሚያሰራጩለት ጉንዳኖች ናቸው። እኛ ስንሄድ ገና አላበበም ነበር።

አሁን አበባ ያልሆነ ነገር። የቦንሳይ፣ ማለትም በሳህን ውስጥ እየተገረዙ ድንክ ሆነው የሚያድጉ ዛፎች፣ ሙዚየም አለ፤ እሱን ሳታዩ ብትመለሱ አልፈርድባችሁም አልልም፣ እፈርድባችኋለሁ። ጃፓን በ1976 ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት ልደት 53 ቦንሳይ ሰጠች። ከእነሱ አንዱ ነጭ ጥድ ነው። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ እየተገረዘ፣ ውሃ እየጠጣ የኖረ። ባለቤቶቹ የያማኪ ቤተሰብ የሚኖሩት ሂሮሺማ ነበር። ቦምቡ በ1945 ሲወድቅ ዛፉ ከስፍራው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ ጀርባ ነበር፤ ተረፈ። ማሳሩ ያማኪ ሲሰጡት ይህን አልተናገሩም። እዚህ ያሉት ሰዎች ያወቁት የልጅ ልጆቻቸው በ2001 ሊያዩት ሲመጡ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ምን ይሰጣል?» አላለችም። አማተበችና «ማን ነው የሚያጠጣው?» አለች። ሠራተኞች በተራ ያጠጡታል አልኳት። በተራ መሆኑ አላስደሰታትም። ባለቤት ሊኖረው ይገባል ባይ ናት።

ከሙዚየሙ ፊት ለፊት የቅመማ ቅመምና የመድኃኒት ተክል ሥፍራ አለ። በማርች አብዛኛው ባዶ አፈር ነው። ግን የጥብስ ቅጠል አለ፣ በዓይነት በዓይነቱ፣ ብርድ የሚችለው የቱ እንደሆነ ለመለየት የተተከለ። ሰማያዊ ትንንሽ አበባ አውጥቶ ነበር። እናቴ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ ወዲያው እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ዐቢይ ጾም ነው። «በጾም የጥብስ ሽታ ታስሸትቺኛለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን ፈጠን ብለን ነው የወጣነው።

ዓምዶቹን በየፎቶው አይታችኋቸዋል። 22 ናቸው። በ1828 የተሠሩ የካፒቶል ሕንፃ ዓምዶች ነበሩ፤ በ1958 ከዚያ ተነሡ፣ በኋላ እዚህ ሜዳ ላይ ቆሙ። ምንም የማይደግፉ ዓምዶች ናቸው። ለፎቶ ያምራሉ። የሰርግ ልብስ የለበሰ ካጋጠማችሁ ግራ አትጋቡ።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ያለ መኪና አድካሚ ነው። ሜትሮ ጣቢያ ቅርብ የለውም፣ ስብስቦቹም እርስ በርስ ይራራቃሉ። ከቦንሳዩ እስከ እስያው ስብስብ በእግር ሲኬድ አዛውንት ይደክማቸዋል። እኛ በመኪና እየተንቀሳቀስን በየቦታው ወርደን ነው ያየነው፤ ውስጥ ለውስጥ መንገድ አለ፣ በየስብስቡ ማቆሚያ አለ። በአር ስትሪት በኩል ግቡ፣ ጎብኚ የሚስተናገድበት ሕንፃ ለዚያ ይቀርባል፣ መጸዳጃና ካርታም እዚያ ይገኛል። ለቦታው ከአምስት ኮከብ አራት ብቻ የምሰጠው በርቀቱ ምክንያት ነው። ለአበባው ብቻ ቢሆን አምስት ነበር።

ጫማ። መሬቱ በማርች ጭቃ ነው፣ በተለይ ወደ ወንዙ የሚወርደው። ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ በዚህ አካባቢ መዥገር ብርዱ ሲላላ ይወጣል። ከካፖርት አትውጡ፣ ኮረብታው ላይ ነፋስ አለ። አለርጂ ያለባችሁ ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ እንባችሁን የሚያፈሰው ፎቶ የምትነሡበት አበባ አይደለም። እሱን የሚያዳቅሉት ነፍሳት ናቸው፣ ብናኙ ከባድ ነው። ጠላታችሁ ማንም ልብ የማይለው ሜፕልና ኤልም ነው፣ ብናኛቸውን በነፋስ የሚልኩት።

ምግብ ቤት የለውም። ይህ ለጿሚ ችግር አይደለም። እኛ ጠዋት ገብተን ጾም እስኪፈታ ዞርን፣ ከዚያ ወጥተን በያይነቱ በላን። ልጆች የያዘ ሰው ግን ምሳ ቋጥሮ ይምጣ፤ የየስቴቱ ዛፍ የተተከለበት ሥፍራ ውስጥ ጠረጴዛዎች አሉ። ልጆቹን ዛፍ ላይ እንዳይወጡ ጠብቁ። ቅርንጫፍ ሰብሮ ለፎቶ ጆሮ ላይ መሰካትም ክልክል ነው። ይህን የምጽፈው የማውቃቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

የትኛው ሳምንት ለምትሉ፦ ዊች ሄዝል፣ የጃፓን አፕሪኮትና ስኖውድሮፕ ከፈለጋችሁ በማርች የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት። ኦካሜ ቼሪ፣ ማግኖሊያና ዳፎዲል ከሆነ ሁለተኛው አጋማሽ። ካሜሊያ በሁለቱም አለች። አዛሊያ የሚፈልግ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይጠብቅ፤ ያኔ ግን ሕዝቡ ይወጣል፣ ማቆሚያውም ይጨናነቃል። አየሩ በየዓመቱ ስለሚለያይ ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ፣ ምን እንዳበበ ይጽፋሉ። በሩ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተከፍቶ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቦንሳዩ ግን ከ4 ሰዓት በፊት አይከፈትም፣ ስለዚህ በካሜሊያው ጀምራችሁ በቦንሳዩ ጨርሱ።